አልዋጥ ያለው ስንቅ

ዘመድ ወዳጁ ሁሉ የሚያውቀውን አንድ ክፉ ነገር ከእናንተ ብቻ ሲሰውር፣ እናንተ ደግሞ ሆዳችሁ አውቆት ሳለ እንዳላወቀ ሰው እየሳቃችሁ፣ እየበላችሁ፣ «ሌላስ ምን አዲስ ነገር አለ?» እያላችሁ ከርማችሁ ታውቃላችሁ?

እኔ ከርሜያለሁ። ባለፈው ክረምት ባሕር ዳር ለሁለተኛ ዲግሪ የክረምት ትምህርት ላይ ነበርኩ። ፈተና ሲቃረብ ፍኖተ ሰላም ላለው ባልደረባዬ፣ ለሒሳብ መምህሩ ለአንለይ፣ ደወልኩለት። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለሚቆራረጠው ኔትወርክ አወራንና በመጨረሻ ጠየቅሁት።

«ጋሼ ስማቸውስ? ሻል አላቸው?»

«ደህና ናቸው። እንዲያውም ትናንት ደውዬላቸው ነበር። ‹በርታ በልልኝ› ብለውሃል።»

ስልኩን ዘግቼ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ጋሼ ስማቸው ባወቅኋቸው ዘመን ሁሉ ማንንም ሰው «በርታ» ብለው አያውቁም። «በርታ»ን፣ «አይዞህ»ን እና «እርሳው»ን ሦስቱ የአፍ መዝጊያዎች እያሉ ነበር የሚጠሯቸው። ያ ቃል ከእሳቸው አፍ ሊወጣ አይችልም። ስለዚህ አንለይ ያቀበለኝ መልእክት አንድ ትርጉም ብቻ ነበረው። ሞተዋል፤ እስክፈተን ድረስም ተደብቆብኛል።

ተፈተንኩ። ፍኖተ ሰላም በገባሁ ማግሥት ገና ጎሕ ሲቀድ በሬ ተንኳኳ። አንለይ ከፊት፣ ሌሎቹ መምህራን ከኋላው፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመዋል። እንደ ወጉ ነገሩኝ፤ እንደ ወጉ ጮኼ ወደቅሁ፤ እንደ ወጉ ደግፈው አነሱኝ። ለማያውቅ ሰው የሚደረገው ሁሉ ለሚያውቅ ሰው ተደረገ። የመረረኝ ለቅሶው አይደለም። የተደበቀ ኀዘን ሰውን እንዴት እንደሚያሳምም ሲያስረዱ የኖሩት፣ በዚሁም ምክንያት ከሥራቸው የተነሡት ሰው፣ የእሳቸውም መርዶ ተደብቆ መቆየቱ ነው የመረረኝ። ከሞታቸው እንኳ አንድ ነገር አልተማርንም።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምር።

ጋሼ ስማቸው የትምህርት ቤታችን የምክር አገልግሎት ኃላፊ ነበሩ። የጎጃሟ ሊበን ሰው ናቸው። በልጅነታቸው ቅኔ ቤት ገብተው ነበር፤ ከዚያ ወደ ዘመናዊው ትምህርት ተሻግረው ሥነ ልቦና አጠኑ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ሲሄዱ ትንሽ ጎበጥ የሚሉ ሰው ናቸው። ዘወትር አንዲት ቡናማ ባርኔጣ ያደርጋሉ። ባርኔጣዋ ራሳቸው ላይ ካለች ጨዋታውንም ተረቡንም ይችሉበታል። አውልቀው ጉልበታቸው ላይ ካስቀመጧት ግን መስማት ጀምረዋል ማለት ነው። ተማሪዎቹ በመስኮት አጮልቀው አይተው «ባርኔጣዋ ወርዳለች፣ አትግቡ» ይባባላሉ። በስማቸውም ይቀልዱባቸው ነበር። «ሲወለዱ አባታቸው ‹ስማቸው› ብለው አዘዟቸው፤ ይኸው እስከ ዛሬ ይሰሙናል» ይላሉ። ጋሼም ቀልዱን ያውቁታል። «ትእዛዙማ ደርሶኛል፤ የቸገረኝ የሚናገር ማጣቱ ነው» ይላሉ።

ቢሯቸው ውስጥ ሁለት ወንበሮች ነበሩ። እንደ ሌላው ቢሮ ጠረጴዛ መካከላቸው ገብቶ ፊት ለፊት አልተፋጠጡም። ጎን ለጎን ሆነው ሁለቱም መስኮቱን፣ ከመስኮቱ ባሻገር ደግሞ የትምህርት ቤቱን የማንጎ ዛፎች ያያሉ። ምክንያቱን ስጠይቃቸው እንዲህ አሉኝ።

«ይህን ሙያ የጀመረው ፈረንጅ ሐኪም በሽተኛውን አስተኝቶ እሱ ከራስጌው ይቀመጥ ነበር። ዓይን ለዓይን ከተያዩ ሰው ይሸማቀቃላ። እኛ አገር ደግሞ ሰው አስተኝቼ ‹በል ተናገር› ብል ነውር ነው፤ ያማኛል እንጂ አያምነኝም። ግን ገበያ ስትሄድ አይተሃል? ሁለት ሰው ጎን ለጎን እየሄደ፣ ዓይኑ መንገዱ ላይ እያለ፣ ቤቱ ተቀምጦ የማያወጣውን ሁሉ ያወጣል። እኔ ወንበሮቹን ገበያ መንገድ ላይ ነው ያስቀመጥኳቸው።»

በሩ ላይ «የምክር አገልግሎት» የሚል ተጽፏል። ችግራቸው ሁሉ የመነጨው ከዚያች «ምክር» ከምትባል ቃል ይመስለኛል። ሰው ምክር ፍለጋ ይመጣል፤ እሳቸው ደግሞ አይመክሩም። «ከዚያስ?» ብቻ ይላሉ። አባቶች ልጆቻቸውን ይዘው መጥተው «ይምከሩልኝ፣ ይገሥጹልኝ» ይሏቸዋል። ጋሼ ልጁን አስቀምጠው «ከዚያስ?» እያሉ ያስወሩታል። አባትየው በረንዳ ላይ ሆኖ «ይህ ሰውዬ ደመወዝ የሚበላው ለመጠየቅ ነው እንዴ?» ይላል።

አንዴ በመምህራን ሻይ ክበብ የሆነውን ላጫውታችሁ። አንለይ ከዳይሬክተሩ ጋር ተጣልቶ እየነደደ ገባ።

«ጋሼ፣ ይህን ሰውዬ ምን ላድርገው? ምከሩኝ እስቲ!»

ጋሼ ስማቸው ባርኔጣቸውን አወረዱ። «ምን አለህ?»

«‹አንተ ልጅ› አለኝ! የልጅ አባት ሆኜ! ሰው ፊት!»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ደሜ ፈላ። ልክ እንደ አባቴ…» ቆም አለ።

«እንደ አባትህ?»

«አባቴን እዚህ ምን አመጣው?»

«እኔ አላመጣኋቸውም። ይዘሃቸው የገባኸው አንተ ነህ። ይልቅ ቆመዋል፣ ወንበር ስጣቸው።»

ክበቡ በሳቅ ተናወጠ። አንለይም እየተቆጣ ሳቀ። «እኔ ምክር ብለምን አባቴን ጋበዙልኝ!» አለ። ነገር ግን ከዚያ ቀን በኋላ ከዳይሬክተሩ ጋር ሲነጋገር ድምፁ ዝቅ አለ። ጋሼ በኋላ እንዳስረዱኝ፣ ሰው ከልጅነቱ የያዘውን ያልተቋጨ ጠብ አዲስ ሰው ላይ ያሳርፈዋል። ዳይሬክተሩ ‹አንተ ልጅ› ሲል አንለይ የሰማው አባቱን ነው። ይህን ሲያውቅ ዳይሬክተሩ ወደ ልኩ ተመለሰ፤ አንድ ተራ ቁጡ ሰው ሆነ።

እኔ የባዮሎጂ መምህር ነኝ። የሚታይ፣ የሚለካ ነገር እወዳለሁ። ስለዚህ ይህ ሳይኮአናሊሲስ የሚባለው የሥነ ልቦና ትንተና መጀመሪያ ላይ ጥንቆላ ቢጤ መስሎኝ ነበር። ይህን በግልጽ ብነግራቸው ጋሼ አልተቆጡም።

«በል እንግዲያው በአንተው ሙያ እንነጋገር። ሆድ ምን ምን ይፈጫል?» አሉኝ።

«ስታርች፣ ፕሮቲን፣ ቅባት…»

«ኀዘንስ?»

«ኧረ ጋሼ፣ ኀዘን እንዴት ይፈጫል!»

«አየህ፣ የማይፈጨውን ነው እንግዲህ ‹ሆድ ይፍጀው› ብለን የምናስረክበው። አይፈጨው፣ አይፈጀው። እዚያው ቁጭ ብሎ ሆዱን ራሱን ይፈጀዋል።»

የትንተናው መሠረት ይኸው ነው። ሰው ሊሸከመው ያልቻለውን ነገር፣ ኀዘንም ይሁን ቁጣ ወይም ፍርሃት፣ ከማወቅ በታች ይቀብረዋል። የተቀበረው ግን አይሞትም፤ ሌላ በር ፈልጎ ይወጣል። አንዱ ላይ ምክንያቱ የማይታወቅ ጭንቀት ይሆናል። አንዷ ላይ ጠዋት ከአልጋ የማያስነሣ ድብርት ይሆናል። በተለይ ድብርቱን ጋሼ ሲያብራሩ፣ የሞተብንን ወይም የከዳንን ሰው መቆጣት ነውር ስለሚመስለን ቁጣውን ወደ ራሳችን እናዞረዋለን ይሉ ነበር። «እንዴት ጥለኸኝ ትሄዳለህ?» ማለት ሲያቅተን «እኔ ነኝ የማልረባ» እንላለን። ሌላው ላይ ደግሞ የተቀበረው ራስ ምታት ሆኖ ይወጣል፣ ወይም ሳይታሰብ የሚያመልጥ ቃል። የሰሚው ሥራ ያን በር መጠበቅ ነው። በርታ ብሎ መዝጋት አይገባውም።

«ሕመምም እንደ ቅኔ ኅብረ ቃል አለው» ይሉ ነበር። ኅብረ ቃል በቅኔ አንዲት ቃል ሁለት ትርጉም ስትይዝ ነው፤ ላይ ላዩን የምትሰማው አንድ፣ ውስጡ ሌላ። «በሽተኛው ቃሉን ይነግርሃል። እሱ ራሱ ግን ሁለተኛውን ትርጉም አያውቀውም። አንተ ቸኩለህ ብትፈታለት የአንተ ቅኔ ይሆናል። እሱ እስኪፈታው ጠብቅ።»

አንድ ነገር ልጨምር። ጋሼ ሐኪም ነኝ ብለው አያውቁም። ሆዴን አመመኝ ያለ ተማሪ ሁሉ በቅድሚያ ጤና ጣቢያ ይሄዳል፤ ራሱን ሊጎዳ የሚያስብ ካለ ቤተሰቡንም ሐኪሙንም ሳያዩ አያድሩም። ወንበሩ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

እንግዲህ ወደ ጥሩዬ ልምጣ።

ጥሩዬ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበረች፤ የክፍሏ ኃላፊ ደግሞ እኔ ነበርኩ። አገሯ ከቡሬ ወጣ ብሎ ያለ ገጠር ነው። ፍኖተ ሰላም እንደ ብዙዎቹ የገጠር ተማሪዎች ከጓደኞቿ ጋር ቤት ተከራይታ ትማራለች። እናቷ በየጊዜው በሶና ደረቅ ዳቦ በነጭ ጨርቅ ቋጥረው በሚኒባስ ይልኩላታል። በዚያ ዓመት መንገዱ ስለማያስተማምን ወደ አገር ቤት መሄድ ቀርቷል፤ የገጠሩም ስልክ ተቋርጧል፤ ከቤቷ ጋር የሚያገናኛት ያ ቋጠሮ ብቻ ነበር።

ፈተናው እየተቃረበ ሳለ የጥሩዬ እናት በድንገተኛ ሕመም ሞቱ። የሟች ወንድም አቶ በላይነህ፣ የቡሬ በርበሬ ነጋዴ ናቸው፣ እህታቸውን ከቀበሩ ከሳምንታት በኋላ ወደ ትምህርት ቤታችን መጡ። ዳይሬክተሩ እኛን የጥሩዬን መምህራን ጠርተው ሰበሰቡን። ጋሼ ስማቸውም ነበሩ።

«ልጅቷ እስክትፈተን እንዳትሰማ አደራ። እህቴ የለፋችው ለዚች ፈተና ነው። ሲያልቅ ወግ ባለው መንገድ እናረዳታለን» አሉ አቶ በላይነህ። ዓይናቸው ደም መስሎ ነበር።

ሁላችንም እሺ አልን። እንዲህ ነው የሚደረገው፤ ማንም ክፋት አላሰበም። ጋሼ ብቻ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። ሰውዬው ከሄዱ በኋላ ዳይሬክተሩ «ጋሼ፣ ምነው?» አሏቸው።

«ልጅቷ ታውቃለች» አሉ።

«ማን ነገራት?»

«ሆዷ።»

ዳይሬክተሩ ሳቁ። እኔ ግን አልሳቅሁም። ጥሩዬን እህል እምቢ ካላት ሰንብቷልና፤ ጋሼም ይህን ሰምተዋል። ፊቷ ጨልሟል፤ ክፍል ውስጥ ትደገፋለች። ጤና ጣቢያ ልኬያት ጨጓራ ነው ብለው መድኃኒት ሰጥተዋታል። አከራይዋ ጠበል ወስደዋታል። ጓደኞቿ «ቡዳ በልቷት ነው» ይላሉ። ለውጥ አልነበረም። ስለዚህ ወደ ጋሼ ስማቸው ቢሮ ላክኋት።

በዚያ ቢሮ ውስጥ የተባለውን ጋሼ አንድም ቀን አልነገሩኝም። የነገረችኝ ራሷ ጥሩዬ ናት፤ ብዙ ቆይታ፣ «ብትፈልግ ጻፈው» ብላ።

«እህል አልዋጥልኝ አለ» አለቻቸው፣ ማንጎዎቹን እያየች።

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ምንም። ጠበሉንም ክኒኑንም ሞክሬያለሁ።»

ጋሼ ዝም አሉ። ዝም ሲሉ አያስፈሩም ነበር፤ ዝምታቸው አብሯችሁ የሚጠብቅ ሰው ዝምታ ነው።

«ጓደኞቼ ሲያጎርሱኝ ትንሽ ይወርድልኛል» አለች ቆይታ። «ስንቁ ነው። ከቤት የሚላከው ስንቅ አልዋጥልኝ አለ።»

«ስንቁ አልዋጥልሽ አለ።»

«አዎ።» ጣቶቿን አሻሸች። «‹እናትሽ ናት የላከችው› ይሉኛል። ግን ቋጠሮው…»

«ቋጠሮው?»

«ዙሩ ተለውጧል። አሁን የሚቋጠረው በቀኝ ነው። እናቴ እንዲህ አትቋጥርም። እናቴ ግራኝ ነበረች።»

«ነበረች» አሉ ጋሼ። ሌላ ምንም አልጨመሩም፤ የራሷን ቃል መለሱላት።

ጥሩዬ ዞር ብላ አየቻቸው። «ነበረች» አለች በቀስታ። ከዚያ ጮኸች።

ያን ጩኸት ቅጥር ግቢው ሁሉ ሰምቶታል። እኔ ስደርስ ወለሉ ላይ ተቀምጣ እያለቀሰች ነበር፤ ጋሼም ከወንበራቸው ወርደው አጠገቧ መሬት ላይ ተቀምጠዋል። ባርኔጣዋ ጥግ ወድቃለች። ሴት መምህራን ገብተው አቀፏት። ጋሼ አንዷን «ዝም አታሰኟት» ሲሉ ሰማኋቸው።

አሁን ልብ በሉ። «አልዋጥልኝ አለ» በአማርኛ ስለ እህል ይባላል፤ ስለ ወሬም ይባላል። ሰው ያልመሰለው፣ ያላመነው ነገር አልዋጥለት ይላል። ልጅቷ የምትናገረው ስለ እህል መስሏት ነበር። ሐሰቱ የሚመጣላት ግን በነጭ ጨርቅ ተቋጥሮ ነው፤ «እናትሽ ላከችልሽ» እየተባለ። ከእናቷ ሞት በኋላ የሚቋጥሩት አክስቷ ናቸው። እጇ ቋጠሮውን ሲፈታ ሞቱን ያውቀዋል፤ አእምሮዋ ግን ሁላችንን ለማስደሰት እንዳላወቀ ይሆናል። እህሉን ከዋጠች ሐሰቱንም ልትውጥ ነው። ጉሮሮዋ እምቢ አለ። ይህን ከመላው ትምህርት ቤት፣ ከጤና ጣቢያው፣ ከአከራይዋ የሰማት አንድ ሰው ነው።

ያን ዕለት አመሻሹ ላይ፣ ሴቶቹ አጥሚት አቀረቡላት። እያለቀሰች ጠጣችው። ወረደላት።

በማግሥቱ አቶ በላይነህ መጡ። ልጅቷን ዘመድ መንገዱን ደፍሮ ወደ ገጠር ወስዷት ስለነበር አላገኟትም። እኛ የሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት ጨርሰን በረንዳው ላይ ቆመናል። በቀጥታ ወደ ጋሼ ስማቸው ሄዱ።

«አንተ!» አሉ።

ጎጃም ውስጥ በዕድሜ የገፋን ሰው፣ ያውም መምህር፣ በአደባባይ «አንተ» ማለት ምን እንደሆነ ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ያዳግታል። ጥፊ ቢሆን ይሻል ነበር። 

«አንተ ማነህ መርዶ ነጋሪ? ከየትኛው ዘመዷ ወግነህ ነው? አልቃሽ በሌለበት፣ ሽማግሌ በሌለበት፣ የእህቴን ለቅሶ ሰው እንደሌላት ቢሮ ውስጥ ትጨርሰዋለህ?»

«ከእኔ አልሰማችም» አሉ ጋሼ።

«ታዲያ ከማን ሰማች? ከመስኮቱ?»

ጋሼ ዝም አሉ። ዳይሬክተሩ ጣልቃ ገብተው «ጋሼ፣ ይናገሩ እንጂ! ምን ተባባላችሁ?» አሏቸው።

«እሱ የእሷ ነው። ከፈለገች እሷ ትናገረዋለች።»

አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ ትበቃ ነበር። «ራሷ ናት የተናገረችው» ቢሉ ነፃ ይወጡ ነበር። አላሉም። የወንበሩ ሕግ ነው፤ ወንበሩ ላይ የተባለ ከወንበሩ አይነሣም። ሰውዬው ከሄዱ በኋላ ጋሼን ተከትዬ ቢሯቸው ገብቼ «ጋሼ፣ እንዴት ዝም ይላሉ? እንዲህ ሲያዋርዱዎት!» አልኳቸው።

«የጮኸው እኔ ላይ አይደለም» አሉኝ። «እህቱን ቀብሮ ሳያለቅስ፣ ለንግድ በመጣ ቁጥር ለልጅቷ ሲስቅላት የከረመ ሰው ነው። ለቅሶው መውጫ አጥቶ ነው፤ እኔ ደጅ ላይ ተገኘሁ።»

እሳቸው ይቅር አሉ። እኔ እስከ ዛሬ አልቻልኩም።

ከዚያ በኋላ የሆነው አጭር ነው። ዳይሬክተሩ ልጅቷን ጠርተው አልጠየቋትም። ከወላጅ ኮሚቴውም «ልጅቷስ ምን ትላለች?» ያለ የለም። የምክር ቢሮው ተዘግቶ የተሰባበረ ዴስክ ማከማቻ ሆነ። ጋሼም ራሳቸው ጠይቀው ወደ ዱርቤቴ ትምህርት ቤት ተዛወሩ። ጥሩዬ ተፈተነች፤ አላለፈችም። በዚያ ዓመት ከእኛ ትምህርት ቤት ያለፉት ጥቂት ናቸው፤ የሌሎቹ መውደቅ ግን ምክንያት አልተፈለገለትም። የእሷ «ያ ሰውዬ ነው የጣላት» ተባለ። እስከ ዛሬም ይባላል።

በቅርቡ ቡሬ ውስጥ በአጎቷ መጋዘን በርበሬ ስታስለቅም አገኘኋት። ፊቷ ሞልቷል። ይህ ወሬ ሲነሣ ከት ብላ ሳቀች።

«እኔን የጣለኝ ሒሳብ ነው! ሒሳብን ደግሞ እናቴ በሕይወት እያለችም አልችለውም ነበር።»

«ይህን ለአጎትሽ ነግረሻቸው ታውቂያለሽ?»

ሳቋን አቆመች። «ብነግረው እኮ አልዋጥለት ይላል» አለች።

ጋሼን ለመጨረሻ ጊዜ ያየኋቸው ዱርቤቴ ነው። የገበያ ቀን ነበር። ቤታቸው በራፍ አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን ከብት ሲነዳ፣ እህል በአህያ ሲጫን እናያለን። በጣም ከስተዋል። ሐኪሞች ጉሮሯቸው ላይ ዕጢ አግኝተዋል። እዚህ ላይ ግልጽ ልሁን፤ ያልተነገረ ነገር ዕጢ አያበቅልም፤ ይህን እንደ ሙያዬ አውቃለሁ። እሳቸውም ቢሆኑ እንዲህ ያለ ነገር የሚናገር ሰው ይቆጡ ነበር። በሽታው በሽታ ነው።

ኮፍያዬን አውልቄ ጉልበቴ ላይ አደረግሁ። አይተው ፈገግ አሉ።

«እንዴት ነዎት ጋሼ?»

«ምንም አልል።»

«ከዚያስ?» አልኳቸው።

 አንድ በሬ እምቢ ብሎ መንገዱ መሐል ቆሟል፤ ባለቤቱ ይለምነዋል።

«ልጅቷ አጥሚቱን የጠጣች ዕለት ደስ ብሎኝ ነበር» አሉ። ድምፃቸው ሻክሯል። «‹አንተ› መባሌንም ረስቼዋለሁ። ግን ይህ ሁሉ የተማረ ሰው፣ ይህ ሁሉ አስተማሪ፣ አንድ ሰው እንኳ ‹ልጅቷን እንጠይቃት› አለማለቱ…» እጃቸውን ወደ ጉሮሯቸው ወሰዱ። «እሱ አልዋጥልኝ አለ።»

«እህሉ ነው ጋሼ፣ ወይስ ነገሩ?»

ሳቁ፤ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ። «አንተም ቅኔ ጀመርክ» አሉኝ። ከዚያ ባርኔጣቸውን ከራሳቸው አንሥተው ጉልበታቸው ላይ አላስቀመጧትም። እኔ ጉልበት ላይ፣ በኮፍያዬ ላይ ደረቧት። እስኪመሽ ድረስ አወሩ። ያሉትን አልጽፍም። የወንበሩ ሕግ ነው።

የተቀበሩት ሊበን ነው። እኔ ያን ሰዓት ባሕር ዳር ፈተና እያጠናሁ ነበር፤ «በርታ» ተብዬ።

እንግዲህ እናንተ ሞክሩት። በቤታችሁ፣ በመሥሪያ ቤታችሁ፣ «ደበረኝ» የሚል፣ «ሆዴን» የሚል፣ «ምንም አልሆንኩ» እያለ የሚከሳ ሰው አይጠፋም። አስቀድሞ ሐኪም ይየው። ከዚያ አጠገቡ ተቀመጡ፤ ፊት ለፊት ሳይሆን ጎን ለጎን። ሦስቱን የአፍ መዝጊያዎች ዋጧቸው፤ የሚዋጥ ነገር ካለ እነሱ ናቸው። «ከዚያስ?» በሉና ዝም በሉ። ዝምታው ይከብዳችኋል፤ ለመሙላት አትቸኩሉ። ሞትም ደብቃችሁበት እንደሆነ ቸኩላችሁ አታርዱት፤ ደግሞም አትዋሹት። ስንቁን ማን እንደቋጠረው ብቻ ጠይቁት፤ እሱ ያውቀዋል።